ዛሬ ምን ይሰራ?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ እራት ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። “አራት ዓመት ጋዜጠኝነት ተምራ ስለ ሽንኩርት ትጽፋለች” የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔ ግን ስለ ሽንኩርት ለመጻፍ ሃያ ስድስት ዓመት ዘግይቻለሁ ባይ ነኝ።

ማታ 12 ሰዓት ግድም ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ ታውቃላችሁ? ያን ሰልፍ አልፋችሁ፣ ለሶስት ሰው በተሰራ ወንበር አራተኛ ሆናችሁ ከተጠጋጋችሁ በኋላ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ወንዶቹ ስልክ ሲያነሱ ንግግራቸው አጭር ነው። “ታክሲ ይዣለሁ፣ እየመጣሁ ነው።” አለቀ። ሴቶቹ ግን ቤታቸው ሳይደርሱ ወጥ ጥደዋል። ሳር ቤት ላይ ሽንኩርት ይላጣል (“ሁለት ራስ ብቻ ላጪ፣ ውድ ነው”)፣ መካኒሳ ላይ ይቁላላል፣ ጀሞ ሚካኤል ስንደርስ ሽሮው ይነሰነሳል። “እንዳይጓጉል አማስዪው እሺ? ጨው እኔ ስመጣ ነው!” ይህን ሁሉ ስታዝ ሴትዮዋ አንድ እግሯ ብቻ ነው ወለል የረገጠው። በጭኗ ላይ ደግሞ የማታውቀው ሰው ላፕቶፕ ተቀምጧል።

ከነዚህ ሴቶች አንዷ እናቴ ናት።

እናቴ የመንግስት መስሪያ ቤት ሰራተኛ ናት። 11 ሰዓት ተኩል ትወጣለች፣ ሰልፉ ከራራላት 1 ሰዓት ላይ ቤት ትደርሳለች። እኛ ቤት አራት ሰው ነን፤ እናቴ፣ አባቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ። አራታችንም ጤነኞች ነን፣ ስምንት እጅ አለን። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ግን እራት የሚሰሩት ሁለት እጆች ብቻ ነበሩ። ያውም የአራታችንም አልነበሩም። የቤት ሰራተኛችን እጆች ነበሩ።

በዚያ ሐምሌ ልጅቷ ፓስፖርቷን ይዛ ወደ አረብ አገር ሄደች። እናቴ አለቀሰች፣ መንገድ ስንቅ ቋጠረችላት፣ እስከ ቦሌ ሸኘናት። ስንመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ወንድሜ ከክፍሉ ብቅ አለና “እራት የለም እንዴ?” አለ። ማንን ነው የጠየቀው? ማንንም። አየሩን ነው የጠየቀው። እራት እንደ ቧንቧ ውሃ ዝም ብሎ የሚመጣ ነገር ነበራ!

እስኪ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቤታችን የሰሩትን ልጆች አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ቆጠርኳቸው። ሰባት ናቸው። የሁለቱን ስም ማስታወስ አቃተኝ። አንዷ ከእኔ የምትበልጠው በሶስት ዓመት ብቻ ነበር፤ እኔ ሳሎን የቤት ስራዬን ስሰራ እሷ ጓዳ ትከትፍ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመመረቂያ ጽሁፌን ስሰራ ርዕሴ ምን ነበር መሰላችሁ? የሴቶች ምስል በማስታወቂያ። የዘይትና የቲማቲም ድልህ ማስታወቂያ እያየሁ፣ ስንት ጊዜ ሴት ጓዳ ውስጥ እንደታየች እየቆጠርኩ፣ “ይህ አስተሳሰብ ሊቀየር ይገባል” ብዬ ጻፍኩ። እሱን በምጽፍበት ሰዓት ምሳዬን አንዲት ልጅ በሰሃን ታመጣልኝ ነበር። ጽሁፉ “ኤ” አግኝቷል።

በኛ ከተማ መካከለኛ ገቢ አለው በሚባለው ቤት የእራት ጥያቄ የተፈታው እንዲህ ነው። ከእናት ወደ አባት፣ ከእህት ወደ ወንድም አልተካፈለም። ከእናት ተነስቶ ከገጠር ለመጣች ልጅ ተላለፈ፣ በቃ። ነገሩ የልማድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ሕግም ነበረው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ አድርጎ ካስቀመጠ በኋላ በቁጥር 646 ላይ የሚለው በግርድፉ እንዲህ ነው፤ ባል ለሚስቱ ሰራተኛ ሊያቀርብላት ካልቻለ የቤቱን ስራ ራሷ ትሰራለች። ልብ በሉ! ሕጉ የሚያውቀው ሁለት አማራጭ ብቻ ነው፤ ወይ ሰራተኛ ወይ ሚስት። ባልየው ራሱ ድስት ሊጥድ ይችላል የሚል ሃሳብ በአእምሮው አልመጣለትም። ከዚያ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መጣና ባልና ሚስት በቤተሰባቸው አመራር እኩል ናቸው አለ። እሰየው። እኔ የተወለድኩት በዚያው ዘመን ነው፣ የአዲሱ ሕግ ልጅ ነኝ ማለት ይቻላል። ታዲያ ያደግኩበት ጓዳ ሲተዳደር የነበረው በየትኛው ሕግ ነው? በቁጥር 646።

ሰራተኞቹስ? የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከሽፋኑ ውጭ ነው የተወው። የቤት ሰራተኛ ማለት ይህች ናት። የስራ ሰዓቷ፣ የእረፍት ቀኗ ሁሉ በአሰሪዋ ደግነት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሰራተኛ አትቅጠሩ እያልኩ አይደለም፣ ብዙ ልጆች የሚኖሩበት ስራ ነው። ነገር ግን አራት ጤነኛ ሰው ያለበት ቤት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አንዲት ልጅ ቆማ እቃ ስታጥብ ቴሌቪዥን ሲያይ ትንሽ ሊሸክከው ይገባል። እኛን ሳትሄድ በፊት አልሸከከንም። ከሄደች በኋላ ነው የሸከከን፣ ያውም ሲርበን።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። በሳምንቱ መጨረሻ የቤተሰብ ስብሰባ ተቀመጥን። አባዬ ጉሮሮውን ጠረገና “እንግዲህ እናታችሁን ማገዝ አለብን” አለ። ሁላችንም አጨበጨብን ማለት ይቀላል። ወንድሜ “እኔም አግዛለሁ” አለ። እኔም አልኩ።

ይቺ “ማገዝ” የምትባል ቃል ናት ቤታችንን ሶስት ወር ያመሰችው።

ማገዝ ማለት ምን ማለት ነው? ስራው የሌላ ሰው ነው ማለት ነው። ደቦ የሚመጣ ሰው ያግዛል፤ እርሻው ግን የባለቤቱ ነው። የሚታረሰው መቼ እንደሆነ፣ ዘሩ የት እንዳለ፣ ዝናቡ ከቀረ ምን እንደሚሆን የሚጨነቀው ባለቤቱ ነው። እኛም ለሶስት ወር የእናቴ ደቦ ሆንን። ወንድሜ “እማ፣ ጨው የት ነው?” “እማ፣ ዘይቱ ስንት ይሁን?” “እማ፣ ይሄ በሶብላ ነው ኮረሪማ?” እያለ ድንች ወጥ ሰራ። የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ አስራ አንድ ጊዜ ጠራት። በአስራ ሁለተኛው ተነስታ ራሷ ሰራችው። አባዬ ደግሞ ከስራ ሲወጣ ይደውልና “ምን ልግዛ?” ይላታል። እሷም ታክሲው ውስጥ ሆና ትዘረዝርለታለች። ድሮ ለአንዲት ልጅ ነበር የምትደውለው፣ አሁን ለሶስት ሰው። እኔ ምን ሆንኩ? እኔ ከሁሉም የባስኩ ነበርኩ። ሴት ልጅ ነኝና እንደ ምክትል ኃላፊ ተሾምኩ፤ ወንድሜ ላይ እጮሃለሁ፣ ሳህን ጠረግኩ ብዬ እቆጣለሁ፣ ድስቱን ግን በሳምንት አንዴም አልጣድኩም።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የእራት ከባዱ ስራ መክተፍና ማማሰል አይደለም። ከባዱ “ዛሬ ምን ይሰራ?” የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ እናቴ ጭንቅላት ውስጥ ይዞራል። ትናንት ምስር በልተናል፣ ዛሬም ምስር አይሆንም። ረቡዕና አርብ ጾም ነው። እንጀራው ለአራት ሰው አይበቃም። አባዬ ጨጓራው ስለሆነ በርበሬ አይብዛበት። ሽሮ ሊያልቅ ነው። መብራት ከጠፋስ? ሲሊንደሩ ውስጥ ጋዝ አለ ወይ? ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነሽ ከሰል አታያይዢ ነገር! ይህን ሁሉ አስባ፣ አሰናድታ፣ ከጨረሰች በኋላ እኛ መጥተን ሽንኩርት እንልጥና “አገዝን” እንላለን። ምስጋናም እንጠብቃለን።

ስለዚህ ቃሏን ከቤት አስወጣናት። ደንቡም እንዲህ ሆነ፤ ሰኞ የኔ፣ ማክሰኞ የወንድሜ፣ ረቡዕ የአባዬ፣ አርብ የእማዬ። ሐሙስ ፍርፍር ነው፤ የሳምንቱ የደረቀ እንጀራ ይሰበሰብና ቀድሞ የገባ ሰው ይፈረፍረዋል። ቀኑ የኔ ከሆነ ሃሳቡም የኔ ነው። ምን እንደሚሰራ አስባለሁ፣ የጎደለውን እገዛለሁ፣ እሰራለሁ፣ ድስቱን አጥባለሁ። እማዬን መጥራት ክልክል ነው። የተቃጠለም ቢሆን ይበላል።

የተቃጠለ በልተናል። ጥሬም በልተናል። የወንድሜ የመጀመሪያ ምስር ወጥ ዘወትር ይታወሰኛል፤ ሽንኩርቱ ሳይበስል በርበሬ ጨመረበት፣ በርበሬው ሳይበስል ምስሩን ገለበጠበት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ቃር አልለቀቀንም። ቁሌት ትዕግስት እንደሚፈልግ፣ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ውሃውን ጨርሶ መልኩን እስኪቀይር መጠበቅ እንዳለበት ማን ነግሮት ያውቃል? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየማታው ቁሌት እየሸተተው ያደገ ልጅ እኮ ነው! እኔም አልተሻልኩም። ሽሮዬ ጓጉሎ “ኳስ ሜዳ” የሚል ስም ወጥቶለታል።

የገረመኝ አባዬ ነው። የመጀመሪያው ረቡዕ እጅጌውን ሰበሰበና ሽንኩርቱን እንደ ማሽን ከተፈው። አፋችንን ከፍተን አየነው። ለካስ አባዬ በ1970ዎቹ መጨረሻ ብሔራዊ ውትድርና ዘምቶ ሳለ ለጓዶቹ ሲያበስል ኖሯል። ምስር፣ ማካሮኒ፣ ሽሮ… ያውም ለስንት ሰው! ከሰራዊት ተመልሶም ወንደላጤ እያለ በቡታጋዝ ራሱን ችሎ ነው የኖረው። አንድ ቀን አገባ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሙያው ጠፋው። ሰላሳ ዓመት!

“ለምን?” አልኩት።

“እናትሽ መች አስገባችኝ?” አለ።

“መች ጠይቀህ ታውቃለህ?” አለች እማዬ ከሳሎን።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ወንዶቻችን ምግብ መስራት አያውቁም የሚለው ነገር ውሸት ነው እኮ። ስጋ ቤት ሄዳችሁ ጥብስ ስታዙ ምጣዱን ይዞ የሚያገላብጠው ማነው? ክትፎውንስ የሚከትፈው? በየሆቴሉ ነጭ ቆብ የደፋው ሼፍስ? ወንድ ማጀት የማይገባው ማጀቱ ደሞዝ የማይከፍል ሲሆን ነው። “ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት” የሚለውን ተረት ያወጡ ሰዎች ዛሬ ቢነሱ አንድ ነገር ያስደነግጣቸዋል፤ ሴቲቱ ችሎትም ትገኛለች፣ ዳኛም ጠበቃም ሆና። ሰውየው ግን ማጀት አልገባም። እሷ ወደ ውጭ ስትወጣ እሱ ወደ ውስጥ ስላልገባ ምሽት ላይ ሁለቱንም የያዘችው እሷ ሆነች።

አሁን ደግሞ ያልጠበቅኩትን ልንገራችሁ። በዚህ ሁሉ ውስጥ በጣም የተቸገረችው እማዬ ናት። እንደምትደሰት እርግጠኛ ነበርኩ። የመጀመሪያው ማክሰኞ ቤት ስትገባ ወንድሜ ጓዳ ነበር። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች ሶፋ ላይ ቁጭ አለች። ጫማዋንም አላወለቀችም። እንግዳ ነበር የምትመስለው። ትንሽ ቆይታ ተነሳችና ያልታዘዘችውን ልብስ መተኮስ ጀመረች። ሌላ ቀን ውሃ ልጠጣ ብላ ጓዳ ገባችና ማንም ሳያያት (እኔ አይቻታለሁ) የወንድሜ ወጥ ውስጥ መከለሻ ጣል አድርጋ ወጣች። ስንበላ “ዛሬስ ጣፈጠ!” አለችው።

ተናደድኩ። ደንቡን አፈረስሽ ብዬ ላፋጥጣት ነበር። በኋላ ግን “ባለሙያ” የሚለውን ቃል ማሰብ ጀመርኩ። ወንድን “ባለሙያ ነው” ስንል ኢንጂነር ነው፣ ሐኪም ነው፣ ስራውን ያውቃል ማለታችን ነው። ሴትን “ባለሙያ ናት” ስንልስ? ዶሮዋ ይጣፍጣል ማለታችን ነው። እናቴ መስሪያ ቤቷ ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ስትሰራ የምስጋና ወረቀት የተሰጣት አንድ ጊዜ ነው። “እጅሽ ይባረክ” የተባለችው ግን በየቀኑ ነው። ዘመድ የሚያውቃት በዶሮዋ ነው፣ ጎረቤት የሚያከብራት በእርሾዋ ነው። እኛ ታዲያ ሸክሟን ልናነሳላት ስንገባ ስሟንም አብረን እያነሳን ነበር። በምትኩ የሰጠናት ነገር አልነበረም። አርብን “የኔ ይሁን” ያለችው ራሷ ናት፤ በጾምም ቢሆን የአርብ ምሽት ገበታ ሌላ ነው፣ ጎመኑም አልጫውም ሱፍ ፍትፍቱም ይመጣል፣ እኛም አፋችንን ሞልተን እናወድሳታለን። ይህን የምጽፈው እናቶቻችንን ከጓዳ “ነጻ እናውጣ” የምትሉ እህቶቼ (እኔም ከእናንተው ነኝ) መጀመሪያ እነሱን ብትጠይቋቸው ብዬ ነው። በቀደም ማክሰኞ ምን ትሰራ እንደነበር ልንገራችሁ? ምንም። ሶፋው ላይ እግሯን ሰቅላ ተኝታ ነበር። ይህን ለመልመድ አምስት ወር ፈጅቶባታል።

ያልተፈታም ነገር አለ። እንጀራ ለምሳሌ። ሊጡ ተቦክቶ፣ ሁለት ሶስት ቀን ተጠብቆ፣ አብሲት ተጥሎ፣ ኩፍ ሲል ተጋግሮ… ይህ የአንድ ምሽት ተራ የሚችለው ስራ አይደለም። ሳምንቱን በሙሉ በልቡ የሚይዝ ሰው ይፈልጋል፤ እሱን ሰው ደግሞ እኛ ቤት አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሰፈር ሱቅ እንገዛለን። እማዬ በተገዛ እንጀራ ላይ ያላትን አስተያየት እዚህ ብጽፈው አዘጋጆቹ ይቆርጡታል።

ዘመዶችም አሉ። የአባቴ እህት አንድ ማክሰኞ መጥታ ወንድሜን ሽርጥ አስሮ ስታየው “አንተ ልጅ፣ ሴታ ሴት ሆንክ?” አለችው። እሱ ሳቀ፣ የሱ ነገር አላናደደኝም። ያናደደኝ ወደ እማዬ ዞር ብላ በሹክሹክታ ያለችው ነው። “ሴት ልጅ እያለሽ?”

ሴት ልጅ እያለሽ። እኔን ማለቷ ነው። የሄደችው ልጅ ቦታ ባዶ ነው፣ ተተኪዋ ደግሞ ዲግሪ ይዛ ሳሎን ተቀምጣለች ማለቷ ነው። እናንተ ያላገባችሁ የኔ ቢጤ ሴቶች፣ ይህችን አረፍተ ነገር ሰምታችኋት ታውቁ የለ? እማዬ ግን ምን ብትላት ጥሩ ነው? “ዛሬ የሱ ቀን ነዋ!” አለቻት። እንደ ተራ ነገር። ቡናዋን ቀዳችላት።

ወንድሞቼ፣ እናንተንም አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በማርች 8 ቀን መስሪያ ቤታችሁ ውስጥ ቡና አፍልታችሁ ፎቶ የተነሳችሁት፣ መልካም ነው፣ ፎቶው ያምራል። ማርች 9 ማታ ግን እራት ምን እንደሚሰራ ያሰበው ማነው? ሽንኩርት ልጣችሁ እንደሆነ አይደለም የምጠይቃችሁ። ሽንኩርት እንዳለቀ ታውቁ ነበር ወይ ነው። ካላወቃችሁ ገና ደቦ ላይ ናችሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ከእማዬ ጋር ሜክሲኮ ተገናኝተን አንድ ታክሲ ያዝን። ሳር ቤት ስንደርስ ከፊታችን ያለችው ሴት “ላጥሽው?” እያለች በስልክ መጠየቅ ጀመረች። እማዬ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች፣ አየችው፣ መልሳ ከተተችው። መካኒሳ ስንደርስ እንደገና አወጣችው።

“ያ ልጅ ሽንኩርቱን በደንብ ያቁላላው ይሆን?” አለችኝ።

“እንጃ” አልኳት።